1 ለምን ብቸኛ ቁጥር አይባልም? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት ብቸኛ ወይም ፕራይም፣ ውህድ ወይም ኮምፖዚት የሚባሉትን ቁጥሮች ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ «1 በ1 እና በራሱ ብቻ ይካፈላል፤ ታዲያ ለምን ብቸኛ አይሆንም?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ያሳሳታት በቃል የሚጠናው «በ1 እና በራሱ ብቻ የሚካፈል» የሚለው አባባል ነው፤ እኔ ብሆን ከመማሪያ መጻሕፍት ባወጣሁት ነበር። ብቸኛ ቁጥር ማለት በትክክል ሁለት የተለያዩ አካፋዮች ያሉት መቁጠሪያ ቁጥር ሲሆን፣ ከሁለት በላይ አካፋዮች ያሉት ውህድ ይባላል። 1 ያለው አካፋይ ራሱ ብቻ ስለሆነ ከሁለቱም አይመደብም። ይህ ምደባ ግን ሁልጊዜ የጸና አልነበረም፤ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ዴሪክ ኖርማን ሌህመር በ1914 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሰንጠረዥ 1 ከብቸኛ ቁጥሮች ጋር ተቆጥሮ ነበር። ዛሬ የሚገለልበት ዋናው ምክንያት 12ን በብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ስንጽፈው፣ ቅደም ተከተሉን ካልቆጠርን፣ ከ2×2×3 ሌላ መንገድ አለመኖሩ ነው፤ 1 ብቸኛ ቢሆን ኖሮ 1×2×2×3፣ 1×1×2×2×3 እያሉ ያለ ማቋረጥ መቀጠል ይቻል ነበር።

ጥያቄ፦ 0ስ?

መልስ፦ ምደባው ከ1 ለሚበልጡ መቁጠሪያ ቁጥሮች ብቻ ስለሆነ 0 ብቸኛም ውህድም አይደለም።

ጥያቄ፦ 2021ን በ3፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ባካፍለው ቀሪ ይተርፋል። ብቸኛ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ 43×47 ነው። አንድ ውህድ ቁጥር የሁለት ቁጥሮች ብዜት ሆኖ ሲጻፍ ሁለቱም በአንድ ላይ ከዳግም ዘሩ (በራሱ ሲባዛ ያንኑ ቁጥር ከሚሰጠው) ሊበልጡ ስለማይችሉና ቢያንስ አንዱ ከእርሱ ስለማይበልጥ፣ እስከ ዳግም ዘሩ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል። 45×45 2025 ስለሆነ ለ2021 ከ2 እስከ 43 ያሉት 14 ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር አለባቸው፤ 41 ላይ ያቆመ ሰው ይሳሳታል። በእነዚሁ 14 ቁጥሮች 2017ን ቢያካፍሉ ግን ሁሌም ቀሪ ይተርፋልና 2017 ብቸኛ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ2017 ዓ.ም. ቀጥሎ የሚመጣው ብቸኛ ዓመት 2027 ነው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻው ትልቅ ብቸኛ ቁጥር የትኛው ነው?

መልስ፦ የመጨረሻ የለም። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አኃዞች አሉት፤ ነገር ግን ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ እንዳረጋገጠው፣ የትኛውንም የብቸኛ ቁጥሮች ዝርዝር እርስ በርስ አባዝተን 1 ብንደምር፣ ድምሩ በዝርዝሩ ውስጥ ላለ ለማንኛውም ቁጥር ሲካፈል 1 ስለሚተርፍ፣ ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ብቸኛ አካፋይ ይኖረዋል። ይህ ማለት ግን ድምሩ ራሱ ሁልጊዜ ብቸኛ ነው ማለት አይደለም፤ 2×3×5×7×11×13+1 የሚሰጠን 30031 ሲሆን፣ እርሱም 59×509 ነው።