ካርዱን ተወውና ፕሮሰሰሩን እይ

ከቱሉ ዲምቱ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 በሚባለው የበረራ ጌም ላይ ትበራለህ። ማሽንህ ኮር አይ5 6500፣ አንድ ባለ 16 ጊጋ ዲዲአር4 ራም፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር የግራፊክስ ካርድ እና ተራ ሃርድ ዲስክ ነው። ጣና ላይ ስትሆን ደህና ነው፣ ቦሌ ለማረፍ ስትቃረብ ግን ስታክ እያደረገ በሰከንድ እስከ 18 ፍሬም (ምስል) ድረስ ይወርዳል። ሬዞሉሽኑን ወደ 720 ብታወርደውም ምንም ለውጥ የለም። ሻጩ ደግሞ አርቲኤክስ 4060 የሚባል አዲስ ካርድ ግዛ ብሎሃል።

አትግዛ። መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ሬዞሉሽን ሲቀንስ የሚቀለው የካርዱ ሥራ ነው፤ የደከመው ካርዱ ቢሆን ኖሮ ፍሬሙ ከፍ ይል ነበር። አላለም። ካርድህ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው ማለት ነው፣ አዲሱም ካርድ መጥቶ እንዲሁ ይጠብቃል።

ለማረጋገጥ ሳንቲም አያስወጣህም። ጀነራል ኦፕሽንስ ገብተህ ዴቨሎፐር ሞድን ኦን አድርግ፣ ከዛ ከላይ ከሚመጣው ሜኑ የኤፍፒኤስ (በሰከንድ ስንት ፍሬም) ማሳያውን ክፈት። ጥግ ላይ ትንሽ ሳጥን ትመጣለች። ቦሌ ልታርፍ ስትል እሷን እያት፦ "ሊሚትድ ባይ ሜይን ትሬድ" ካለች ችግሩ ፕሮሰሰሩ ነው፣ "ሊሚትድ ባይ ጂፒዩ" ካለች ካርዱ። ያንተ የመጀመሪያውን እንደምትል አልጠራጠርም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአውሮፕላኑ በረራ፣ የኮክፒቱ ስክሪኖች፣ የሌሎቹ አውሮፕላኖች እንቅስቃሴ፣ ህንጻዎቹን መደርደር፣ የዚህ ሁሉ ዋናው ክፍል ሜይን ትሬድ በሚባል አንድ መስመር ተራ ጠብቆ ነው የሚሠራው። ፕሮሰሰርህ ስምንት ኮር (ለየብቻ የሚሠሩ ክፍሎች) ቢኖረው እንኳን ያቺን መስመር የያዘው ኮር ካልፈጠነ ሌሎቹ ብዙም አይረዱትም። ጣና ላይ ውሃ ነው፣ የሚደረደር ነገር የለም። ቦሌ ደግሞ ከተማ መሃል ያለ ኤርፖርት ነው፣ ዙሪያው ህንጻ በህንጻ ነው። ለ30 ፍሬም እያንዳንዱ ፍሬም በ33 ሚሊሰከንድ ማለቅ አለበት፤ ያንተ 18 ማለት አንዱ ወደ 55 ይፈጅበታል ማለት ነው።

ያንተ ፕሮሰሰር፣ 6500፣ በ2015 የወጣ ባለ አራት ኮር ነው። በዛው ማዘርቦርድ ላይ ሰባተኛ ጀነሬሽን አይ7 መቀየር ይቻላል፣ ግን ለሱ ብር አታውጣ። እኔ የምመክርህ ኤኤም4 የሚባል የፕሮሰሰር መሰኪያ ያለው ማዘርቦርድ ከኤኤምዲው ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር ጋር ነው። ካርድህ እንዳለ ይቀጥላል፣ ራምህም ይገባበታል። በኋላ እጅህ ሲፈታ ደግሞ እዛው ቦርድ ላይ 5700ኤክስ3ዲ የሚባለውን ፕሮሰሰር ካገኘህ ትቀይራለህ። የ5600 ኤል3 ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ማህደር) 32 ሜጋባይት ነው፣ የሱ 96። ሲሙሌተር ደጋግሞ የሚፈልገውን ዳታ ራም ድረስ ሳይሄድ እዛው ጎኑ ስለሚያገኘው፣ ኤክስ3ዲ የሚባሉት ለበረራ ከሌሎቹ ጎልተው ይወጣሉ።

ራም ላይ ሌላ ባለ 16 ጨምር። አንድ ብቻ ሲሆን በግማሽ መንገድ ነው የሚሠራው፣ ሁለት ሲሆኑ ዱዋል ቻናል ይሆናል። ቦርዱ ባለ አራት ቀዳዳ ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ሰካቸው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብተህ ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያስነዳውን ኤክስኤምፒን ማብራት እንዳትረሳ፤ ብዙ ሰው ባለ 3200 ፍጥነት ራም ገዝቶ ለዓመታት በ2133 ይነዳዋል። ሃርድ ዲስኩን ለፊልም ተወውና ጌሙን ኤስኤስዲ ላይ ጫን።

ሴቲንግ ላይ ቴሬን ሌቭል ኦፍ ዲቴይልን (መሬቱ ከሩቅ ምን ያህል ተዘርዝሮ እንደሚታይ የሚወስነውን) 100 አድርግ፣ የኤርፖርት ትራፊክ ቀንስ። ሞኒተርህ 60 ኸርዝ ከሆነ ፍሬሙን 30 ላይ ቆልፈው። ቀጥ ያለ 30፣ 45 ደርሶ 22 ከሚወርድ በጣም ይሻላል፤ በተለይ በማረፊያ ሰዓት እጅህ የሚለምደው ያንን እኩል ምት ነው።

ኢንተርኔት ሌላው ጉዳይ ነው። ይሄ ጌም መሬቱን ከኢንተርኔት እየጎተተ ነው የሚያሳይህ፣ የሚመከረውም 20 ሜጋቢት ነው። እኛ ዳር ከተማ ያለን ሰዎች ማታ ማታ ኔትወርኩ እንዴት እንደሚሆን እናውቀዋለን። ማኑዋል ካሽ የሚል አለ፣ የአዲስ አበባንና የባሕር ዳርን አካባቢ ሌሊት አውርደህ ኤስኤስዲው ላይ አስቀምጥ።

ኬዙ ፊት ለፊት ወንፊት ያለው ይሁን። ገና አስፋልት ባልገባበት ሰፈር አቧራው በአንድ በጋ ፋኑን ይደፍነዋል። በዚህ ላይ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ወለል በ20 በመቶ ግድም ስለሚሳሳ ያው ፋን እዚህ የሚያቀዘቅዘው ያነሰ ነው። ደህና ኩለር ግዛ፣ ወንፊቱን በየወሩ አራግፍ። ፓወር ሰፕላይ ላይም አትሰስት፣ ስሙ የታወቀ ባለ 550 ዋት ይበቃሃል። መብራት ሄድ መጣ ስለሚል ዩፒኤስ ከሱ ጋር ይታሰብ።

አንድ ነገር ደግሞ ሱቅ ውስጥ ተጠንቀቅ። ቢ450 የሚባለውን የኤኤም4 ማዘርቦርድ ያገለገለ ከሰጡህ ባዮሱ የቆየ ከሆነ 5600ን ጨርሶ አያውቀውም፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ፕሮሰሰሩን እዛው አስገብተው፣ ካርድ ሰክተው፣ ባዮሱ ላይ ስሙን ሳያሳዩህ ብር እንዳትከፍል።