መጪዋ የኤሌክትሪክ መኪና የደሴን ዳገት እንዴት ትወጣለች? ጥያቄና መልስ

ሰላም የወሎ ልጆች። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ «ቀጥላ የምትመጣው ምን ትመስላለች? ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሥራዬ ኮምቦልቻ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ኢንጅነር፣ ገና ገበያ ያልወጣች መኪና አቅሟ በምን ይታወቃል? ሁሉም ወሬ አይደል?

መልስ፦ ወሬ ብቻ አይደለም ወንድሜ። ቻይና ውስጥ መኪና ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በኢንዱስትሪና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ይመዘገባል። ፎቶው፣ መጠኑ፣ ክብደቱ፣ የሞተሩ ጉልበትና የባትሪው ዓይነት ያኔ ይፋ ይሆናል። እኔ ቀድሜ የማየው ክብደቱን ነው፤ ለኛ አገር መንገድ ከመልኳ በላይ ወሳኙ እሱ ነው።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ «405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ሲሉ እንመን?

መልስ፦ በሙሉው አትመኑ። ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለዋን ትንሽ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና እንውሰድ። ትልቁ ባትሪዋ የሚይዘው የኃይል መጠን 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ 405 የተባለውም በቻይናው መለኪያ ነው። በዚያ መለኪያ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰው ተጭኖ፣ ዳገት እየተወጣ፣ በ80 ሲነዳ እኔ ለ100 ኪሎ ሜትር 14 ኪሎዋት ሰዓት እይዛለሁ። ይህ ወደ 280 ያወርዳታል። ለመጪዋም የባትሪውን ቁጥር ካገኛችሁ በ14 አካፍሉና በ100 አባዙት። ከበድ ያለች ከሆነች በ18 አካፍሉ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ደሴ ለመውጣትስ ስንት ትበላለች?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር! ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። ሰው የጫነች 1,500 ኪሎ መኪና 650 ሜትር ሽቅብ ስትወጣ ለከፍታው ብቻ 2.7 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋታል፤ የሚባክነው ሲታከል 3 ይሆናል። ለ25 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ደግሞ ሌላ 3 ጨምሩ። ከሲጋል ባትሪ 15 በመቶ ገደማ ማለት ነው።

ቁልቁል ስትወርዱ ሞተሩ ጄነሬተር ሆኖ ከከፍታው የተወሰነውን ይመልሳል። ግን ልብ በሉ፦ ደሴ ላይ እስከ 100 በመቶ ሞልታችሁ ከወጣችሁ የሚመለሰው ኃይል ማረፊያ የለውም። ፔዳሉን ስትለቁ መኪናዋ እንደወትሮው አትያዝም፤ ጠመዝማዛውን በሙሉ እግራችሁ ፍሬን ላይ ሆኖ ትወርዳላችሁ፣ ፍሬኑም ይግላል። ሙሌቱን 90 በመቶ ላይ አቁሙት። እንደ ሲጋል ያለችው የምትይዘው የሊትየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን አልፎ አልፎ እስከ 100 መሞላት ይፈልጋል፤ ያን ቁልቁለት በማትወርዱበት ቀን አድርጉት።

ጥያቄ፦ የደሴ ከፍታ ጉልበቷን አይቀንሰውም?

መልስ፦ አይቀንስም። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ደሴ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ አየሩ ስስ ነውና። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም። እንዲያውም በፍጥነት ስትሄድ የሚጋፋት ነፋስ ይቀንስላታል።

ጥያቄ (ከባቲ)፦ ቅርጿስ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ፊቷ የተደፈነ፣ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ጎማዎቿ ወደ ዳር የተገፉ ትሆናለች፤ ባትሪው ከወለሉ ስር ስለሚተኛ ነው። እህቴ፣ ለጠጠር መንገድ የሚያሳስበኝ ይኸው ሆዷ ነው። ከመሬት ያላት ከፍታ ስትነገርሽ ባዶዋን ነው ወይስ ተጭና የተለካው ብለሽ ጠይቂ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ልጄ፣ እቤት ሶኬት ላይ ብሰካት እስኪነጋ ትሞላለች?

መልስ፦ አባባ፣ በ10 አምፔር ሶኬት በሰዓት 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚያገኙት። ባዶ ሲጋል 20 ሰዓት ያህል ትፈልጋለች። በአንድ ሌሊት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚያስኬድ ይሞላል፤ ሐይቅና ደሴ ለሚመላለስ ሰው ይበቃል። ከመሰካትዎ በፊት ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተው የግድግዳውን ሽቦና የመሬት መስመሩን ያስዩ። በቀጭን ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ ማስሞላት እሳት ያስነሳል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ አዲስ አበባ በአንድ ሙሌት?

መልስ፦ በትንሽ ባትሪ አይሞከርም። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ያለው ሽቅብ ደግሞ ከ1,700 ሜትር ይበልጣል፤ እሱ ብቻ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። መጪዋ 60 ኪሎዋት ሰዓት ብትይዝም እኔ መንገድ ላይ ሳልሞላ አልሄድም። የምትሞሉበትን ቦታ፣ ሶኬቱም ከመኪናችሁ ጋር መግጠሙን፣ ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ አረጋግጡ፤ የቻይናና የአውሮፓ ፈጣን ቻርጀር መሰኪያቸው አይገጥምም።