ኤዱኬሽናል ቴክኖሎጂ ልማር ወይ ለምትሉኝ ወጣት መምህራን

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን ማስተማር ከጀመረ ሁለት ዓመት የሆነው አንድ ልጅ "ቲቸር፣ ማስተርሴን በኤዱኬሽናል ቴክኖሎጂ ልይዝ እያሰብኩ ነው፣ ያዋጣኛል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም የዛን ቀን ቸኩዬ ስለነበር "አዎ ተማር፣ ጥሩ ነው" ብዬው አለፍኩ። ከዛ በኋላ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። "ጥሩ ነው" የምትል መልስ ለሱም አትበቃም፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ለያዛችሁ ለሌሎቻችሁም አትበቃም። እስቲ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፍላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

እኔ የሂሳብ መምህር ነኝ፣ ማስተማር ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረኝ። ይሄን ትምህርት፣ ቴክኖሎጂን ለማስተማር እንዴት እንደምንጠቀም የሚያጠናውን፣ ልማር የገባሁት 15 ዓመት ካስተማርኩ በኋላ ነው። ስገባ የጠበቅኩት ምን መሰላችሁ፣ ሶፍትዌር እንማራለን፣ ያማረ ስላይድ መሥራት እንማራለን፣ ከዛ ክፍል ገብቼ ልጆቹን አፍ አስከፍታለሁ ብዬ ነበር። እውነትም ሶፍትዌር ተምረናል። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ፍላሽ በሚባለው ፕሮግራም አኒሜሽን ስንሠራ ነው ያለፈው፣ እኔ ሌሊት ሌሊት እየተነሳሁ ነበር የምሠራው። ፍላሽ ደግሞ በ2020 መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ድጋፉ ተቋርጦ ብራውዘሮችም አስወጡት፣ ያን ሁሉ ሌሊት የሠራሁት ዛሬ አይከፈትም። ይሄን የምነግራችሁ አዝኜ አይደለም፣ የምትማሩት ነገር ሁለት ዓይነት እንደሆነ ልብ እንድትሉልኝ ነው። አንዱ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ያረጃል፣ ሌላው እናንተ ጋ ይቀራል። ስትማሩ ጉልበታችሁን የቱ ላይ እንደምታፈሱ እወቁ።

እኔ ጋ የቀረው በመጀመሪያው ሴሚስተር "ምን ያደርግልናል" ስንለው የነበረው ኮርስ ነው፣ የታሪኩ። ቶማስ ኤዲሰን በ1913 መጽሐፍ በቅርቡ ከትምህርት ቤት ይወጣል፣ ተማሪ ሁሉን ነገር በፊልም እያየ ይማራል ብሎ ነበር። ከሱ በኋላ ሬዲዮ መጣ፣ በ1920ዎቹ ሲድኒ ፕሬሲ የሚባል ሳይኮሎጂስት ተማሪ ቁልፍ እየተጫነ የሚፈተንበት ማሽን ሠራ፣ በ50ዎቹ ስኪነር የሚባል ሌላ ሳይኮሎጂስት የራሱን የማስተማሪያ ማሽን ይዞ መጣ፣ ቴሌቪዥን መጣ፣ በ1960 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕላቶ የሚባል በኮምፒውተር የሚያስተምር ሲስተም ተጀመረ። እያንዳንዱ ሲመጣ "አሁን ትምህርት ሊቀየር ነው" ተብሏል። ሪቻርድ ክላርክ የሚባል ተመራማሪ በ1983 በእንዲህ ዓይነት መሣሪያዎች ላይ የተሠራውን ጥናት አገላብጦ አንድ ክርክር አስነሳ፣ ሚዲያው፣ ማስተማሪያ መሣሪያው ማለት ነው፣ ልክ ምግብ እንደሚያመላልስ መኪና ነው አለ፣ መኪናው ስለተቀየረ የሰው አመጋገብ አይቀየርም እንደማለት ነው። ሮበርት ኮዝማ የሚባል ሌላ ምሁር ደግሞ አይ፣ ሚዲያው ራሱ የሚችለው ነገር አለ ብሎ መለሰለት፣ ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። እኔ ሁለቱንም ሳነብ መጀመሪያ በክላርክ ተናድጄ ነበር፣ ያን ያህል ፍላሽ እየሠራሁ መኪና ነው ሲለኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ።

እንዴት ገባኝ መሰላችሁ። የክፍልፋይ መደመር ነበር የማስተምረው። በጣም የምወደው ስላይድ ነበረኝ፣ ክቡ ሲከፈል፣ ቀለሙ ሲቀያየር፣ ቁራጮቹ ሲንሸራተቱ፣ ልጆቹም ደስ ብሏቸው አዩት፣ "ገባችሁ?" ስል "አዎ!" አሉ በአንድ ድምፅ። ከዛ 1/2 + 1/3 ሥሩ አልኳቸውና ስዞር አንዷ ደብተሯ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ 2/5 ብላ ጽፋለች። ጎንበስ ብዬ "እስቲ እንዴት እንዳገኘሽው ንገሪኝ" አልኳት። "ላዕሉን ከላዕሉ፣ ታህቱን ከታህቱ ደመርኩ" አለችኝ፣ ምንም ሳትጠራጠር። "እሺ፣ 1/2 እና 2/5 የቱ ይበልጣል?" ስላት እርሳሷን አንስታ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት መስመሮች አሰመረች፣ አንዱን ሁለት ቦታ ከፈለች፣ አንዱን አምስት ቦታ፣ ከዛ ትንሽ አየችና "ግማሹ ይበልጣል" አለች። "ታዲያ ግማሽ ላይ ሌላ ጨምረንበት እንዴት ከግማሽ አነሰ?" አልኳት። ዝም አለች። ዝም እንዳለች ላጲሱን አነሳችና 2/5ን ራሷ አጠፋችው።

ስላይዴ እኮ አልተበላሸም ነበር። ግን እሷ ጭንቅላት ውስጥ የነበረውን ነገር አልነካውም፣ እኔም ምን እንዳለ ሳላውቅ ነው የሠራሁት። በሚቀጥለው ሳምንት ያመጣሁት ሌላ ነገር ነው፣ በቁጥር መስመር ላይ ልጆቹ ራሳቸው ቁራጭ እየጎተቱ የሚያስቀምጡበት ቀላል ፕሮግራም፣ መልሱ ከመነሻው ቁጥር ካነሰ ወዲያው በዓይናቸው ያዩታል። እሱ ሠራ። የሠራው ፕሮግራሙ ዘመናዊ ስለሆነ ሳይሆን ለዛች ስህተት ተብሎ የተመረጠ ስለሆነ ነው። ሊ ሹልማን የሚባል ምሁር በ1986 ያለው ይሄንን ነው፣ መምህር ትምህርቱን ማወቁ ብቻ አይበቃም፣ ማስተማር መቻሉም ለብቻው አይበቃም፣ ይሄ ትምህርት ለዚህ ተማሪ የቱ ጋ እንደሚከብደው የሚያውቅበት የራሱ የሆነ እውቀት አለ። ሚሽራና ኮህለር የሚባሉ ምሁራን ደግሞ በ2006 ቴክኖሎጂን ጨመሩበትና ቲፓክ የሚባለውን ሞዴል አመጡ። ኮርሱ ላይ ሦስት ክብ (ትምህርቱ፣ ማስተማሩና ቴክኖሎጂው) ተሥሎ ታዩታላችሁ፣ ለፈተና ብላችሁ ስትሸመድዱት ደረቅ ነገር ይመስላል፣ ለኔ ግን ያቺ ልጅና ላጲሷ ናቸው።

በነገራችን ላይ መማሬ ከስህተት አላዳነኝም። በ2020 ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ዩኔስኮ እንዳለው በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ በዋለበት ጊዜ፣ እኔ ዲግሪ ያለኝ ሰውዬ ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው አድርጌ የ47 ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጬ ለቀቅኩ። ሲስተሙ ማን እስከየት እንዳየ ያሳያል። አብዛኞቹ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ እንኳን አልደረሱም። መጀመሪያ በልጆቹ ተናደድኩ፣ አልደብቃችሁም። በኋላ ግን ኤድኤክስ በሚባለው የኦንላይን መማሪያ ላይ የተሠራ ጥናት ትዝ አለኝ፣ በ2014 የወጣ ነው፣ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታ አይተው ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ሰው በአማካይ ከስድስት ደቂቃ በላይ አብሮ እንደማይቆይ ያገኙበት። አንብቤው የማውቀውን ነገር ነው እኮ ራሴ የደገምኩት! ከዛ ቪዲዮውን ቆራረጥኩት፣ በየመሃሉ መልስ የሚጻፍበት ጥያቄ አስገባሁ። ማሳጠሩ ብቻውን ብዙም አይደለም፣ ጥያቄው ነው ለውጡን ያመጣው፣ ምክንያቱም ሰው የሚያስታውሰው ያየውን ሳይሆን ከጭንቅላቱ ፈልጎ ያወጣውን ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2006 በጥናት ያሳዩት ይሄንን ነው፣ ደጋግሞ ያነበበና አንብቦ ራሱን የፈተነ ተማሪ፣ ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ራሱን የፈተነው በልጦ ተገኘ። ይሄን ለማድረግ ደግሞ የክዊዝ አፕ የግድ አይደለም፣ ብጣሽ ወረቀት ይበቃል። አፕ ካላችሁ ጥሩ፣ እርማቱን ያቀልላችኋል።

አሁን ወደ ሙያ ማሻሻያው ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ትሬኒንግ ስትሰበስቡ አያለሁ። አንድ ቀን ዎርክሾፕ፣ ፎቶ፣ ሰርተፊኬት፣ በሳምንቱ ደግሞ የድሮው ዓይነት ክፍል። ይሄ የናንተ ስንፍና አይደለም። ጆይስና ሻወርስ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ80ዎቹ እንዳሳዩት መምህር ስለ አዲስ ዘዴ ቢነገረው፣ ቢያሳዩትም፣ ቢለማመደውም፣ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ መጠቀም ላይ ብዙም አይደርስም፣ ከስልጠናው በኋላ ክፍሉ ድረስ መጥቶ አብሮት የሚያይና የሚያወራው ሰው ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል። ጃፓኖች ይሄን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያደርጉት ኖረዋል፣ መምህራን ተሰብስበው አንድ ትምህርት አብረው ያዘጋጃሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ተማሪዎቹን ያያሉ፣ ከዛ ቁጭ ብለው ያወራሉ። ልብ በሉ፣ የሚያዩት ተማሪዎቹን ነው፣ መምህሩን ለመገምገም አይደለም የሚገቡት። ሰርተፊኬት ከምትቆጥሩ እንዲህ የሚያይላችሁ አንድ ጓደኛ ፈልጉ።

ሰው ካጣችሁ ደግሞ ስልካችሁ አለ። ስማር ከተሰጡን አሳይመንቶች ሁሉ የጠቀመኝ የራሳችሁን ክፍል ቀርጻችሁ እዩ የተባልነው ነው። ፈቃድ ጠይቄ፣ የልጆቹ ፊት እንዳይገባ ወደ ሰሌዳው አዙሬ ስልኩን ኋላ አቆምኩት። ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው መጀመሪያ የታየኝ ድምፄና አረማመዴ ነበር፣ እሱን እለፉት፣ ሁሉም ሰው መጀመሪያ እሱን ነው የሚያየው። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ሰዓት ይዤ ጥያቄ ጠይቄ ስንት ሰከንድ እንደምጠብቅ ቆጠርኩ። አንድ ሰከንድ። አንዳንዴ እሱም አይሞላም፣ "ስንት ይመጣል?" እላለሁ፣ ወዲያው ያቺው ሁሌ የምትመልሰዋን ልጅ እጠራለሁ ወይ ራሴው እመልሳለሁ። ሁሌ ተማሪዎቼን አሳትፋለሁ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በ70ዎቹ ያገኘችው ቁጥርም ይሄው ነው፣ መምህራን በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ነው የሚጠብቁት፣ ሦስት ሰከንድና ከዛ በላይ ሲጠብቁ ግን የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ዝም የሚሉት መናገር ይጀምራሉ። ሦስት ሰከንድ ቀላል ይመስላችኋል። ክፍል ፊት ቆማችሁ ሞክሩት፣ በጣም ረጅም ነው፣ ላብ ላብ ይላችኋል። እኔ ልምዱ እስኪይዘኝ ወራት ፈጅቶብኛል፣ ኋላ የሚቀመጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ እጁን ያወጣበትን ቀን ግን እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

ስለ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሳልጽፍ ባልፍ ትቆጡኛላችሁ። ቻትጂፒቲ በ2022 ኅዳር ከወጣ ወዲህ ጥያቄ ለማውጣት፣ ሌሰን ፕላን ለመጀመር፣ አንድን ነገር በሦስት መንገድ ለማብራራት እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ያወጣውን ሁሉ ራሴ ሠርቼ ሳላረጋግጥ ግን ክፍል ይዤ አልገባም። ተማሪ ላይ ሲመጣ ጠንቀቅ በሉ። ቱርክ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፣ ኤአዩን እንደልብ የተሰጣቸው ልጆች ልምምዱን ሲሠሩ ካልተሰጣቸው በ48 በመቶ በልጠው ተገኙ፣ ተወስዶባቸው ሲፈተኑ ግን ጭራሽ ካልተሰጣቸው በ17 በመቶ አነሱ። መልሱን እንዳይሰጥ፣ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ ተደርጎ የተዘጋጀውን የተጠቀሙት ላይ ግን ይሄ ጉዳት በአብዛኛው አልታየም። ማሽኑ ያው ነው፣ የተለየው አንድ መምህር አስቀድሞ ልጁ የት እንደሚሳሳት አስቦ ማዘጋጀቱ ነው። እና አያችሁ ተመልሰን እዛችው ላጲስ ጋ መጣን።

ስለዚህ ልማር ወይ ላልከኝ ልጅ፣ አዎ ተማር፣ ግን ክፍልህን ሳትለቅ ተማር። ማታ ያነበብከውን ጠዋት የምትሞክርበት ተማሪ ከሌለህ ግማሹ ወረቀት ላይ ይቀራል። ከመመዝገብህ በፊት የኮርሶቹን ዝርዝር እየው፣ የሶፍትዌር ስም ብቻ የተደረደረ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ፣ እነሱን በነፃ ኢንተርኔት ላይ ትማራቸዋለህ፣ ሰው እንዴት እንደሚማር፣ እንዴት እንደሚመዘን፣ የራስህን ሥራ እንዴት እንደምትመረምር የሚያስተምሩ ከሆነ ግን አትለፈው። ደረጃና ደመወዝ ብቻ ብለህ ከሆነም አልፈርድብህም፣ ኑሮ ነው፣ ብቻ ከገባህ አይቀር ለተማሪዎችህም የሚሆን ነገር ይዘህ ውጣ።

ይሄን መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ትናንት ደወልኩለት። ነገ ምን ታስተምራለህ ስለው ሰባተኛ ክፍል፣ የእኩልታ መግቢያ አለኝ አለ። ፈቃዱን ዛሬ ጠዋት ይጠይቃል፣ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ስልኩን ኋላ አቁሞ ይቀርጻል፣ ማታ እኔ ቤት መጥቶ ሰከንዶቹን አብረን እንቆጥራለን።