ከበጎ አድራጎት ሱቅ የገዛሁት ልብስ አልሆነኝም፣ ልመልሰው? ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የበጎ አድራጎት ማህበር ሱቅ ውስጥ ልብስ እለያለሁ፣ ዋጋ እለጥፋለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሒሳብ እቀበላለሁ። ሰው የለበሰውን ልብስ ይሰጠናል፣ አጥበን ተኩሰን በርካሽ እንሸጣለን፣ ገቢው ማህበሩ ለሚረዳቸው ሰዎች ይሄዳል። ብዙ የምንጠየቀው ግን ስለ መመለስ ነው። ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ ትናንት ኮት ገዝቼ ቤት ስለካው ትከሻው ጠበበኝ። ደረሰኙን ጥዬዋለሁ። ይቀበሉኛል?

መልስ፦ የዋጋ ወረቀቱን ካልቆረጥሽው ብዙ ጊዜ ይቀበሉሻል። እኛ ጋ በክር የምናስረው ወረቀት ላይ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ልብሱ ለሽያጭ የወጣበት ሳምንትም ተጽፏል፣ ስለዚህ የኛ መሆኑንና መቼ አካባቢ እንደተሸጠ እናውቃለን። ደረሰኙም ወረቀቱም ከሌለ ግን ሻጯ ምን ታድርግ? ከቤት የመጣ አሮጌ ኮት ይሁን ከሱቁ የወጣ በምን ትለየዋለች? ዛሬውኑ ሂጂ፣ ነገ ከነገ ወዲያ አትበይ። የሸጠችልሽ ልጅ ገና አልረሳችሽም፣ ደግሞም ያገለገለ ልብስ ከየዓይነቱ አንድ ብቻ ስለሆነ በዘገየሽ ቁጥር በምትኩ የምትመርጪው ያንሳል።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ካልሆነኝ መመለስ በሕግ መብቴ ነው አይደል? መጣላት አልፈልግም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።

መልስ፦ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ያደባልቃል። ዕቃው ጉድለት ካለበት ሌላ ነው፣ ልክህ ካልሆነ ሌላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛኸው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርልህ ወይም ገንዘብህ እንዲመለስልህ መጠየቅ ትችላለህ ይላል። ሳይነግሩህ ዚፑ የማይሠራ ጃኬት ከሸጡልህ ይሄ ያንተ መብት ነው። ሱሪው ስለጠበበህ ብቻ ግን ሻጩ የመቀበል ግዴታ የለበትም፣ ከተቀበለ በራሱ ደንብ ወይም በመልካም ፈቃዱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «እኛ እኮ በጎ አድራጎት ነን» ብሎ የተበላሸ ነገር መሸጥ አይቻልም። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድርጅቶች ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ፈቅዷል፣ ነገር ግን ንግድ ሲሠሩ እንደማንኛውም ነጋዴ የንግድ ሕጉን ይዘው ነው። ጉድለቱ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ፣ ዋጋው ተቀንሶ፣ አንተም አይተህ ከገዛህ ግን በኋላ ቅሬታ አይሆንም።

ጥያቄ (ከለገሃር)፦ እሺ ልብሱን ተቀበሉኝ፣ ብሩን ግን አንመልስም፣ ሌላ ልብስ ምረጥ አሉኝ። ለምን?

መልስ፦ የቀኑ ገቢ ማታ ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ ባንክ ይገባል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰው ብር ለመመለስ ሌላ ፊርማ፣ ሌላ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ትንሽ ሱቅ ደግሞ ለዚያ ሰው የለውም። ልብስ በልብስ ሲለወጥ ሒሳቡ አይነካም። እኔ ራሴ ይሄን ደንብ እደግፋለሁ፣ ሰው ከከፈለ በኋላ ሲነገረው ግን ያናድደኛል፣ ደንበኞች ቢናደዱም አልፈርድባቸውም። ደንቡ ሒሳብ የሚከፈልበት ቦታ በትልቁ ተጽፎ መለጠፍ አለበት። ካልተለጠፈ ብር ከኪስህ ሳታወጣ ጠይቅ፦ «ባይሆነኝ እስከ መቼ ልመልሰው? በብር ነው በልብስ?»

ጥያቄ (ከተክለሃይማኖት)፦ ሁሌ 38 ነው የምለብሰው። 38 የሚል ቀሚስ ገዛሁ፣ ዳሌዬ ላይ አላልፍ አለ። ቁጥሩ ውሸት ነው?

መልስ፦ ውሸት አይደለም፣ የማን አገር 38 እንደሆነ ነው የማይናገረው። የፈረንሳይ 38 በጀርመን 36፣ በጣሊያን 42፣ በእንግሊዝ ደግሞ 10 አካባቢ ነው። የለጋሾቻችን ልብስ ከየአገሩ የመጣ ስለሆነ አንድ መስቀያ ላይ ሁሉም ተደባልቆ ነው የሚሰቀለው። በዚያ ላይ ልብሱ ስንት ጊዜ ታጥቧል። ጥጥ በውኃ ይሰበሰባል፣ ሱፍ በሙቅ ውኃ ከታጠበማ የልጅ ልብስ ሆኖ ነው የሚወጣው። የቀድሞዋ ባለቤት አስጠብባውም ሊሆን ይችላል። ገልብጠሽ የውስጥ ስፌቱን እዪ፣ በአንድ በኩል የክሩ ቀለም ከሌላው ከተለየ ሰፊ ነክቶታል ማለት ነው። ቁጥሩን እርሺው፣ በሜትር ተለክቶ ነው የሚገዛው።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ መለኪያ ክፍል የሌለበት ሱቅ ውስጥ እንዴት ነው ልኬን የማውቀው?

መልስ፦ የልብስ ሜትር ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር፣ ዋጋው ከታክሲ ሒሳብ ብዙም አይርቅም። ዋናው ነገር ሰውነትሽን ሳይሆን ቤት ያለውን በደንብ የሚሆንሽን ልብስ መለካት ነው። አልጋ ላይ ዘርግተሽ ከብብት እስከ ብብት፣ ከትከሻ ስፌት እስከ ትከሻ ስፌት፣ ወገቡንና ቁመቱን ለክተሽ ስልክሽ ላይ ጻፊው። ሱቅ ስትሄጂ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ማመሳከር ነው።

ሜትር ከሌለሽ ሰልባጅ ገበያ ሁሉም የሚያውቃት ዘዴ አለች። የሱሪውን ቁልፍ ቆልፈሽ ወገቡን እንደታጠፈ አንገትሽ ላይ ታዞሪዋለሽ፣ ሁለቱ ጫፎች ከኋላ ሳይወጠሩ ከተገናኙ ወገቡ ይሆንሻል። ዳሌ ያላት ሴት ግን በዚህ ብቻ አትመን፣ አንገት ስለ ዳሌ አያውቅም።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ሱሪው ረዘመኝ፣ ወገቡም ሰፋ። ለልብስ ሰፊ ልስጠው ወይስ ልመልሰው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም ከሚመለስልን ልብስ ብዙው መመለስ ያልነበረበት ነው። ርዝመት ብቻ ከሆነ አትመልሰው፣ አሳጥረው። እግር ማሳጠር ለማንኛውም ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። ወገብም ይጠብባል፣ ግን ልክ አለው። የኋላ ስፌቱ ተፈትቶ ሲጠብ ሁለቱ የኋላ ኪሶች እየተቀራረቡ ይመጣሉ፣ ብዙ ከጠበበ ሊነካኩ ይደርሱና ሱሪው ከኋላ ያስጠላል። ስለዚህ ሰፊው «ይጠብባል» ሲልህ «ኪሶቹስ?» በለው።

ማስፋት ሌላ ታሪክ ነው። ሱሪውን ገልብጥና የመቀመጫውን ስፌት እይ። ከስፌቱ ወዲያ የተረፈ ጨርቅ ካለ ይለቀቃል፣ ከሌለ ከየትም አይመጣም። ጨርቅ ቢኖርም የድሮው የስፌት መስመር ጎልቶ ሊታይ ይችላል፣ ቆዳና ከፋይ ላይማ የመርፌው ቀዳዳ አይጠፋም።

ትከሻው የማይሆን ኮት ግን ሳታመነታ መልስ። ትከሻ ለማስተካከል እጅጌው ይነቀላል፣ ገበሩ ይፈታል፣ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ይወጣል፣ ከዚያ ሁሉም እንደገና ይሰፋል። ለሰፊው የምትከፍለው ከኮቱ ዋጋ ይበልጣል። ውሳኔህን ደግሞ መቀስ ሳይነካው ወስን፣ ከተቆረጠ በኋላ የሚቀበልህ የለም።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ንጽህናው አሳስቦኝ መጀመሪያ አጠብኩት፣ ከዚያ ስለካው አልሆነኝም።

መልስ፦ ካጠብሽው አብዛኛው ሱቅ አይቀበልሽም፣ አጥበሽ አሳንሰሽው ሊሆን ይችላልና። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ስስ ልብስ ከውስጥ ለብሰሽ ከላይ ለኪው፣ መያዝሽን ወስኚ፣ ከዚያ እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አስጪው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ እናቴ «ለችግረኛ ብለው የሚሸጡትን ልብስ መልሰሽ ልትከራከሪ? ነውር ነው» አለችኝ። እውነት ነውር ነው?

መልስ፦ እናትሽ ከደግነት ነው የተናገሩት፣ ግን በፍጹም ነውር አይደለም። የማይሆንሽ ልብስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ማንን ይረዳል? ብትመልሺው እንደገና እንሸጠዋለን፣ ልኩ የሆነ ሰው ይለብሰዋል። ከኛ የሚገዛው ሰው ደግሞ ብዙው ሳንቲም ቆጥሮ የሚመጣ ነው፣ ተማሪ አለ፣ ዘበኛ አለ፣ መስከረም ሲመጣ ለሦስት ልጅ ሹራብ የምትፈልግ እናት አለች። በዚያ ገንዘብ የማይሆነውን ልብስ ይዞ ማንም ሰው ቅር እንዲለው አልፈልግም። ሳትሳቀቂ ነይ።

ነውር የሚባለው ሌላ ነው፣ ሠርግ ለብሶ ሄዶ ሰኞ መመለስ። ይታወቃል እኮ። መጀመሪያ የማየው የአንገትጌውን ውስጠኛ ክፍልና ብብቱን ነው፣ ሽቶና ላብ አንድ ላይ ከሸተተኝ አልቀበልም። ብሩ ካላስፈለገሽ ደግሞ ልብሱን መልሰሽ «ምትክ አልፈልግም» ማለት ትችያለሽ፣ ያኔ ሁለት ጊዜ ረዳሽ ማለት ነው።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት፣ ከጉለሌ)፦ ለልጄ ሚስት ሹራብ ገዛሁላት፣ ጠበባት። እሷ ወይስ እኔ ነኝ መሄድ ያለብኝ?

መልስ፦ እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ። ደረሰኙን ይስጧትና ራሷ ትሂድ፣ ምትኩን እዚያው ለክታ ትመርጣለች። ለሌላ ጊዜ ስጦታ ሲገዙ ወረቀቱን ሳይቆርጡ ይስጡ፣ ዋጋው እንዳይታይ ከፈለጉ ቁጥሩን በፕላስተር ይሸፍኑት።

ጥያቄ (ከሳር ቤት)፦ ለንደን ያለችው እህቴ ከቻሪቲ ሾፕ (እዚያ ያለ የበጎ አድራጎት ሱቅ) ጃኬት ገዝታ ላከችልኝ፣ ጠበበኝ። እዚያ መመለስ ትችላለች?

መልስ፦ እዚያም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የእንግሊዝ የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ ዕቃው ጉድለት ካለበት ወይም እንደተባለው ካልሆነ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መውሰድ ይቻላል ይላል፣ ያገለገለ ዕቃና ቻሪቲ ሾፕም ጭምር። ሱቅ ገብታ መርጣ ገዝታው ከሆነ ግን ልክ አለመሆኑ ብቻ መብት አይሰጣትም፣ የሱቁን ደንብ መጠየቅ አለባት። በኢንተርኔት ከሱቁ ገዝታው ከሆነ ዕቃው ከደረሳት በኋላ 14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መሰረዝ ትችላለች።

ለሌላ ጊዜ የዋጋ ወረቀቱን እንዳትቆርጠው ንገራት። እዚያ ግብር ከፋይ የሆነ ሰው ልብስ ሰጥቶ ሲፈርም፣ ከሽያጩ በእያንዳንዱ ፓውንድ ድርጅቱ ከመንግሥት 25 ፔንስ ተጨማሪ ያገኛል፣ የለጋሹ መለያም ወረቀቱ ላይ ነው ያለው። ላንተ ጃኬት ግን የመላኪያው ዋጋ ከጃኬቱ ስለሚበልጥ እዚሁ ለሚሆነው ሰው ስጠው።

ጥያቄ (ከመርካቶ)፦ መንገድ ላይ ሰልባጅ ብገዛስ?

መልስ፦ እሱ ሌላ ገበያ ነው። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት የተከለከለ ነው፣ ጉምሩክ ሲያገኘው ይወርሳል፣ ስለዚህ ከቦንዳ ፈትቶ የሚሸጥልህ ሰው ደረሰኝ አይሰጥህም፣ ነገም እዚያው ቦታ ላታገኘው ትችላለህ። ያለህ ዋስትና ደንበኝነት ብቻ ነው። ሳትከፍል «ባይሆነኝ ትለውጥልኛለህ?» በለው፣ እሺ ካለ ስልኩን ያዝ።

ጥያቄ (ከስታዲየም)፦ ጫማ ገዛሁ፣ ልኬ ነው፣ ግን በሁለተኛው ቀን ሶሉ እየተፈረፈረ ወደቀ።

መልስ፦ ይሄ ጉድለት ነው፣ ፍርፋሪውን ጭምር ይዘህ ሂድ። አንዳንድ የስፖርትና የክረምት ጫማ ሶል ከእርጥበት ጋር እየቆየ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ሳይለበስ ሳጥን ውስጥ ቢቀመጥም እንኳ። ላዩ አዲስ ይመስላል። ስትገዛ ጫማውን በሁለት እጅህ እጠፈው፣ ሶሉ ላይ ስንጥቅ ከታየ ወይም ዱቄት ከወጣ ተወው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ የመመለሻው ቀን አልፎብኛል። ምን ላድርገው?

መልስ፦ መጀመሪያ የጎረቤትና የዘመድ ልክ አስቢ። ካልሆነ ለሱቁ በስጦታ መልሺው፣ ወይም እንደ መቄዶንያ ላሉ ማዕከላት ንጹሕ አድርገሽ፣ ቁልፉን ሞልተሽ ስጪ። ለልዋጭ አትስጪው፣ ደህናን ሹራብ በአንድ ፕላስቲክ ሳፋ መለወጥ ያሳዝናል።

ጥያቄ (ከአምባሳደር)፦ የገዛሁት ኮት ገበር ውስጥ ቀለበት አገኘሁ።

መልስ፦ ኪሱ ተቀዶ ነው የገባው፣ እኛም ስንፈትሽ የሚያመልጠን እዚያ ነው። ለሻጯ ሳይሆን ለሱቁ ኃላፊ በእጅ ስጪው፣ የኮቱን የዋጋ ወረቀት አያይዢ፣ ስምሽንና ቀኑን ታስመዝግብልሽ። ለጋሹ ስልኩን ትቶ ከሆነ በዚያ ወረቀት ነው የምናገኘው።