«ከሦስቱ የትኛውን ልተው?» ለአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የተሰጠ የሙያ ምክር

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የአካውንቲንግ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ፣ ለጓደኞችሽ የዩቲዩብ ቻናል ጭውውት እንደምትጽፊ፣ ኪቦርድ እንደምትጫወቺ፣ የራስሽን ዘፈኖች በላፕቶፕሽ እያቀናበርሽ እንደምትቀጂና ቀረጻ ሲኖርም አስተባባሪዋ አንቺ እንደሆንሽ ገልጸሻል። አባትሽ ዲግሪሽን ሳትጨርሺ ሌላ ነገር እንዳትጀምሪ አጥብቀው እንደነገሩሽም ጽፈሻል። ጥያቄዎችሽ ሁለት ናቸው፤ ከጽሑፍ፣ ከሙዚቃና ከፕሮዲዩሰርነት የትኛውን ልተው የሚለውና ሥራ ስታመለክቺ ሦስቱንም በሲቪሽ ላይ ልታሰፍሪ ይገባሽ እንደሆነ።

በእኔ አስተያየት አሁን መወሰን ያለብሽ የትኛው እንደሚቀድምና የትኛው መጀመሪያ እንጀራ እንደሚሆንሽ ነው። የሚተወውን ለመምረጥ ገና ነሽ።

ይህን ለማስረዳት የአሜሪካዊውን የዶናልድ ግሎቨርን የሥራ ታሪክ ልጥቀስ። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ኮሜዲ ጸሐፊ፣ ተዋናይ፣ ቻይልዲሽ ጋምቢኖ በሚል ስም የሚዘፍን ሙዚቀኛ፣ ዳይሬክተርና ፕሮዲዩሰር እየተባለ ስለሚዘረዘር፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይዞ የተነሣ ይመስላል። ሥራው ግን ደረጃ በደረጃ የመጣ ነው። ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የድራማ ጽሑፍ ሲማር ልክ እንዳንቺ ከጓደኞቹ ጋር ጭውውት እየሠራ በኢንተርኔት ይለቅ ነበር። ለ«ሲምፕሰንስ» ካርቱን የጻፈው ናሙና ክፍል ኮሜዲያኗ ቲና ፌይ ዘንድ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2006 እርሷ ለፈጠረችው «30 ሮክ» ለተባለ ሲትኮም (ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ) ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ዕድሜው 23 ነበር፤ ሥራውን ሲጀምርም ገና በዩኒቨርሲቲው ዶርም ውስጥ የተማሪዎች ኃላፊ፣ በእናንተ አነጋገር ፕሮክተር ቢጤ ሆኖ ይኖር ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ሙዚቃውን አልተወም፤ በትርፍ ጊዜው እየሠራ በነጻ ይለቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ጸሐፊነቱን ትቶ «ኮሚዩኒቲ» በተባለው ሲትኮም ተዋናይ ሆነ። የዚያን ሲትኮም ሙዚቃ የሚሠራው ሉድቪግ ዮራንሰን የተባለ ስዊድናዊ ነበርና ሁለቱ እዚያው ተዋውቀው አልበሞቹን አብረው አዘጋጁ። ዮራንሰን በኋላ ለፊልም ሙዚቃ ከአንድ ጊዜ በላይ ኦስካር ተሸልሟል። ልብ እንድትይልኝ የምፈልገው ግሎቨር የሙዚቃ አጋሩን ያገኘው በትወና ሥራው ላይ መሆኑን ነው። አንዱ ሙያ ለሌላው ሰው አምጥቶለታል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን የመጀመሪያ ሙሉ አልበሙን ፒችፎርክ የተባለው የሙዚቃ መጽሔት ከ10 ነጥብ 1.6 ብቻ ሰጠው። (በጭውውታችሁ ሥር የሚጻፉት አስተያየቶች ተስፋ እንዳስቆረጡሽ ስለጻፍሽ ነው ይህን ማንሣቴ።) ያ አልበም ብቸኛ መተዳደሪያው ቢሆን ኖሮ ምን ይወስን እንደነበር መገመት ያስቸግራል፤ ነገር ግን በዚያው ጊዜ የቴሌቪዥን ደመወዝ ስለነበረው እየተተቸም ቢሆን መማር ቻለ። በ2016 ባወጣው ሦስተኛ አልበም ራፑን ትቶ ፈንክ ወደተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የዳንስ ሙዚቃ ዞረ። በዚያው ዓመት «አትላንታ» የተባለውን የራሱን ተከታታይ ድራማ ይዞ ብቅ አለ፤ ታሪኩ ገንዘብ አጥሮት የራፐር ዘመዱ ማኔጀር ለመሆን ስለሚጥር ወጣት ነው። እንግዲህ የሙዚቃ ሥራውን ከውስጥ ማወቁ ለድራማው ጉዳይ ሰጠው፤ በ«30 ሮክ» ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር የሠራበት ልምዱም ድራማውን የሚመራበትን ችሎታ ሰጠው። ወንድሙ ስቴፈንም ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። በ2017 በዚህ ድራማ በትወናና በዳይሬክተርነት ሁለት የኤሚ (የቴሌቪዥን) ሽልማቶችን ወሰደ፤ በኮሜዲ ዳይሬክተርነት ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። በ2019 ደግሞ በአንድ ዘፈን አራት የግራሚ (የሙዚቃ) ሽልማቶችን አገኘ።

ስለዚህ ምክሬ ጽሑፉን እንድታስቀድሚ ነው። ዘፈን ለመልቀቅ ስቱዲዮ፣ ሚክሲንግና ቪዲዮ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ለመጻፍ ግን ያለሽ ላፕቶፕ ይበቃሻል። በአየር ላይ ካለ፣ በደንብ ከምታውቂው የአማርኛ ሲትኮም አንዱን መርጠሽ አንድ ሙሉ ክፍል ጻፊ፤ ገጸ ባሕርያቱን አንባቢው አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው የአንቺ ችሎታ ወዲያው ይለያል። ይህ ናሙና እንጂ የሚሸጥ ጽሑፍ አይደለም፤ ገጸ ባሕርያቱ የባለቤቱ ናቸውና። ከእርሱ ጋር ሙሉ በሙሉ የራስሽ የሆነ አጭር ጽሑፍ አያይዢ። ሬዲዮ ጣቢያዎችና የማስታወቂያ ድርጅቶችም አጭር ጭውውት ስለሚፈልጉ ቴሌቪዥንን ብቻ አትጠብቂ።

እዚህ ላይ የአሜሪካና የእኛ ሁኔታ የሚለያይበትን ሳልጠቅስ ባልፍ አግባብ አይሆንም። እዚያ የቴሌቪዥን ጸሐፊ በማኅበሩ በኩል የተደራደረበት ዝቅተኛ ክፍያ አለው፤ ሥራው ሲደገምም ተጨማሪ ይከፈለዋል። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በክፍል፣ በቃል ስምምነት ነው። በቃል አትስማሚ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ወይም የአዛዡ እንደሚሆን ይደነግጋል። ስለዚህ ለጓደኞችሽ ቻናል የጻፍሻቸው ጭውውቶች የማን እንደሆኑ፣ ቻናሉ ገቢ ሲያገኝም ድርሻሽ ስንት እንደሆነ ዛሬ፣ ሳትጣሉ፣ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ለዘፈኖችሽም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ ራፐር ግሎቨርን ዘፈኔን ወስዶብኛል ብሎ ከስሶት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ2023 ክሱን ውድቅ ሲያደርግ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ከሳሹ ያስመዘገበው የድምፅ ቅጂውን ብቻ እንጂ ድርሰቱን አለመሆኑ ነው። በእኛ አዋጅ ጥበቃ ለማግኘት ምዝገባ ግዴታ ባይሆንም፣ ሥራው ተጽፎ ወይም ተቀድቶ መገኘት አለበት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዘፈን ላይ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፣ የስቱዲዮውን ሒሳብ የከፈለው ማን እንደሆነ ከነቀኑ መዝግቢ፤ የላፕቶፕሽንም ፋይሎች በሌላ ቦታ ደግመሽ አስቀምጪ።

ዲግሪሽን ጨርሺ። አባትሽ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለው ያሰቡ ይመስለኛል፤ እኔ ግን አካውንቲንጉን ለክፉ ቀን መጠባበቂያ አድርጌ አላየውም። የፕሮዲዩሰር ሥራ አብዛኛው በጀት፣ ውልና ቀጠሮ ነው። በሚቀጥለው ቀረጻችሁ የካሜራና የመብራት ኪራዩን፣ ትራንስፖርቱን፣ የተዋንያኑን ምሳ፣ የኤዲቲንጉን ዋጋ አስቀድመሽ በሠንጠረዥ ገምቺ፤ ቀረጻው ሲያልቅ በትክክል ከወጣው ጋር አስተያዪው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ከጥቂት ቀረጻዎች በኋላ ለማንኛውም የፕሮዳክሽን ድርጅት ልታሳዪው የምትችዪው የሥራ ማስረጃ ይሆናል።

ሲቪሽን በተመለከተ፣ ሦስቱንም እኩል አትደርድሪ። ለጸሐፊነት ስታመለክቺ የጽሑፍ ሥራዎችሽ ከላይ ይቅደሙ፤ ሙዚቃው ከታች በአንድ መስመር ይበቃዋል፤ የቀረጻ ማስተባበር ልምድሽንም በአንድ መስመር አክዪበት። ለፕሮዳክሽን ረዳትነት ስታመለክቺ ደግሞ ማስተባበሩና አካውንቲንጉ ይቅደሙ። የዘፈኖችሽን ሊንክ ካልተጠየቅሽ በቀር ከሲቪው ጋር አትላኪ።