ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «የሰርቨር ክፍሉ ብርድ ልቤ ውስጥ ገባ?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 27 ነው። የኔትወርክና የሰርቨር መሐንዲስ ሆኜ ተቀጥሬ ድሬዳዋ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው። ውጭው እሳት ነው፣ ሰርቨር ክፍሉ ደግሞ ይቀዘቅዛል። እየገባሁ እየወጣሁ ስሠራ ልቤ ድው ድው ማለት ጀመረ። ግራ ደረቴን ይወጋኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሌሊት ተረኛ ሆኜ ስልኬ ሲጮህ በጣም ይብስብኛል። የዩፒኤስ ባትሪ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ስወጣ ግን ምንም አይለኝም። እናቴ «ብርድ መቶህ ነው» ስላለችኝ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ እወስዳለሁ፤ ማታ ጋቢ ደርቤ አልበዋለሁ። ለእንቅልፍ ጓደኛዬ ከፋርማሲ ያመጣልኝን ዲያዜፓም በሳምንት ሁለት ሦስቴ ግማሽ ግማሽ እውጣለሁ። ጫት የምቅመው ተረኛ ስሆን ብቻ ነው፣ በሳምንት አራት ሌሊት። አባቴ በ52 ዓመቱ በድንገት ነው ያረፈው። አዲስ ስለሆንኩ መሥሪያ ቤት መናገር አልፈልግም። ለብርዱ የሚሆን የልብ መድኃኒት ካለ ቢነግሩኝ። ከሳቢያን

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቅኸኝ የብርድ መድኃኒት ነው። ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ግን ዓይኔ አባትህ ላይ ቀረ። ነፍሳቸውን ይማር። ሌሊት ደረትህን እየዳበስክ የምታድረው ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይህን ስማ። ባትሪ ተሸክመህ ፎቅ ስትወጣ ዝም ብሎ፣ ተኝተህ ስልክ ሲጮህ የሚወጋ ደረት የልብ ደም ሥር መዘጋት አይመስልም። የጠበበ የደም ሥር በአብዛኛው የሚያስጨንቀው ልብ ሥራ ሲበዛባት ነው። የአንተ ተቃራኒው ነው። ተረጋጋ።

ምርመራ ግን አይቀርም። አባት ከ55 ዓመቱ በፊት በልብ ከሞተ የልጁም ልብ መታየት አለበት። ድንገተኛ ሞት ሲሆን ደግሞ ልብ ነው ብሎ መጠርጠር ይሻላል። እስካሁን የደም ግፊትህን እንኳ ተለካሁ አለማለትህን ሳስብ አዝናለሁ። በዚህ ሳምንት ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) ያለው ክሊኒክ ሂድ። ግፊት፣ ኢሲጂ፣ የደም ማነስ፣ ስኳርና የእንቅርት ሆርሞን ይታዩልህ። የአባትህን ነገር ለሐኪሙ በመጀመሪያ ንገረው። ሥራ ስትሠራም ሆነ አርፈህ ሳለህ ደረትህን እንደ ድንጋይ ከተጫነህ፣ ሕመሙ ወደ ክንድህ ወይም ወደ መንጋጋህ ከሄደ ወይም ራስህን ከሳትክ ግን ቀጠሮ የለም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አሁን ስለ ብርዱ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ክፍሌ ከሚገባው ሰው ስንቱ «ብርድ ነው» እያለ ወራት አሳልፎ እንደሚመጣ ስለማውቅ።

ሰርቨር ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው የሚያዘው። ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። 20 ዲግሪ ማለት የአዲስ አበባ የቀን አየር ነው። ሚሊዮኖች ዕድሜ ልካቸውን ይኖሩበታል። የድሬ 35 ዲግሪ ላይ ቆይተህ ስትገባበት ግን ያስደነግጣል። ቆዳህ ይኮማተራል፣ ጉሮሮህ ይደርቃል፣ ቀጥታ የሚነፍስብህ ከሆነ አንገትና ትከሻህ ሊይዝህ ይችላል። የደረት ጡንቻም አብሮ ሊታመም ይችላል። የሚወጋህን ቦታ በጣትህ ስትጫነው የሚያምህ ከሆነ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል። ጃኬትህን ልበስ፣ ከማቀዝቀዣው ፊት ዞር በል፣ ይበቃል። ብርድ ቆዳ አልፎ ልብ ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም። በላብ የሚወጣ፣ በፌጦ የሚነቀል ነገር እዚያ የለም።

ጋቢው ደግሞ እየጎዳህ ነው። በድሬ ሌሊት ተሸፋፍኖ የሚያልበው ሰው ውሃና ጨው ይጨርሳል። ፈሳሽ ሲጎድል ልብ ያንኑ ደም ለማዳረስ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ጠዋት ስትነሳ ድው ድው ይልሃል። «ገና አልወጣልኝም» ብለህ ማታ ሌላ ትደርባለህ። እናትህ ያሉህ ከፍቅር ነው፤ እሳቸውን አልወቅስም። ግን ጋቢውን አውልቅና ውሃ ጠጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ብርድ ነው» የሚለው ቃል በዚህ አገር ልጆችን ይጎዳል። በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ የሩማቲክ ልብ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። ጉሮሯቸው ሲቆስል ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ ብቻ የተሰጣቸው፣ ካደጉ በኋላ የልብ ቫልቫቸው ተበላሽቶ የመጡ ወጣቶች አይቻለሁ። የአንተ ጉዳይ ይህ አይመስልም። ታናናሾች ካሉህ ግን አስታውሰው።

ወደ ጫቱ ልምጣ። አራት ሌሊት «ብቻ» አይባልም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ከጻፍክልኝ ምልክት አብዛኛውን ማለት ነው። ቡና ወይም ኢነርጂ ድሪንክ ስትደርብበት ይብሳል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ስልኩ ይጮሃል፤ የሆነ ቦታ መስመር ወድቋል፤ አንተ አዲስ ነህ፣ ብቻህን ነህ። ልብህ እንዴት አትደነግጥ? እኔም የመጀመሪያዎቹን የተረኝነት ሌሊቶቼን አስታውሳለሁ። ያ ድንጋጤ ሕመም አይደለም፤ ሥራውን ስትለምደው ይቀንሳል።

ከባዱ ነገር ይገባኛል። ለአዲስ ሰው በርጫው ቅጠል ብቻ አይደለም። ነባሮቹ የትኛው ስዊች እንደሚያስቸግር፣ ጄኔሬተሩ መቼ እንደሚከዳ የሚያወሩት እዚያ ነው። እምቢ ስትል ሰዎቹንም እምቢ ያልክ ይመስልሃል። ቁጭ በል፣ ተጫወት፣ ውሃህን ጠጣ፣ አትቃም። አቦ ድሬ ነው ያለኸው፤ የድሬ ሰው በዚህ አይቀየምህም። ስታቆም ጥቂት ቀን ድካምና ዱካክ ይኖራል። ያልፋል።

ዲያዜፓሙን በተመለከተ ለስላሳ ቃል የለኝም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማምጣቱ ጓደኝነት አይደለም። ጫቱ ያነቃህን በኪኒን ታስተኛለህ፣ ኪኒኑ ያደነዘዘህን በጫት ታነቃለህ። ዲያዜፓም ከሰውነት ለመውጣት ቀናት ይፈጅበታል። በማግስቱ መሰላል ላይ ወጥተህ፣ የኤሌክትሪክ ፓነል ፊት ቆመህ ነው የምትሠራው። ለጨብሲ ቢራ ከደረብክበት ትንፋሽህን ሊያቆም ይችላል። በጻፍከው መጠን ከሆነ አሁኑኑ ተወው። በየቀኑ የምትውጠው ከሆነ ግን በአንዴ ማቆም ራሱ አደጋ ስላለው ለሐኪሙ እውነቱን ንገረው፤ ቀስ በቀስ ያስቆምሃል።

መሥሪያ ቤቱን አትፍራ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ አንተ አልፈኸዋል። በሐኪም ማስረጃ የተደገፈ የሕመም ፈቃድም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ አለው። ኢሲጂ ደግሞ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

እስከዚያው የተረኝነት ስልክህን ድምፅ ከሌላው ለይተህ አድርገው። አሁን እናትህ ሲደውሉም ልብህ እየዘለለች ይመስለኛል። ሲጮህ ከመነሳትህ በፊት ረዘም አድርገህ አምስት ጊዜ ወደ ውጭ ተንፍስ። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ተኛ። የምርመራውን ውጤት ስታገኝ ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።