የጂምናስቲክስ ፌዴሬሽኑ ሥልጣን እስከ የት ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ጂምናስቲክስ ትሠራለች። አሰልጣኟ ልጄ እንድትወዳደር በቅድሚያ የ«ዩኤስኤ ጂምናስቲክስ» አባል መሆን እንዳለባት ነግራኛለች። ይህ ድርጅት ሐኪሙ በጂምናስቲክስ ሠሪ ልጆች ላይ በፈጸመው የፆታ ጥቃት ወንጀል ስሙ ሲነሣ የነበረው ነው? የመንግሥት ነው ወይስ የግል? ሥራውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ አዎን፣ ያው ድርጅት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይሆን ለትርፍ ያልቆመ የግል ድርጅት ነው፤ ሆኖም አገሪቱን ወክሎ ማን እንደሚወዳደር የሚወስነው እሱ ብቻ ነው።

እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ጂምናስቲክስ የሚተዳደረው ብዙ የስፖርት ዓይነቶችን በአንድነት በያዘው የአማተር አትሌቲክስ ኅብረት ሥር ነበር። በዚህ ያልረኩ አሰልጣኞችና የትምህርት ቤት ስፖርት ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ1963 የራሳቸውን ፌዴሬሽን መሠረቱ፤ በ1881 ቤልጂግ ውስጥ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክስ ፌዴሬሽን ግን ዕውቅና የሰጣቸው በ1970 ነው። በ1978 የወጣው የአማተር ስፖርት ሕግ ለእያንዳንዱ የኦሊምፒክ ስፖርት አንድ ብሔራዊ አካል ብቻ ዕውቅና እንዲያገኝ በመደንገጉ የፌዴሬሽኑ ሥልጣን ጸና። «ዩኤስኤ ጂምናስቲክስ» የሚለውን የዛሬውን ስሙን የያዘው በ1993 ነው።

ልጅዎ የምትሠለጥንበት ጂም የፌዴሬሽኑ ንብረት አይደለም፤ አባል የሆነ የግል ድርጅት ነው። ፌዴሬሽኑ የውድድር ደንብ ያወጣል፣ ዳኞችን ያሠለጥናል፣ ከ1 እስከ 10 የተዘረጉትን ደረጃዎች ይወስናል፣ ብሔራዊ ቡድኑን ይመርጣል። እስከ 5ኛ ደረጃ ሴት ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት የተወሰነ ትርኢት ይሠራሉ፤ የየራሳቸውን ትርኢት ይዘው የሚወጡት ከ6ኛ ጀምሮ ነው።

ወንጀሉን በተመለከተ፣ በእኔ እምነት ጥፋቱ የአንድ ሐኪም ብቻ አልነበረም። በ2016 «ኢንዲያናፖሊስ ስታር» ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ የፌዴሬሽኑ ኃላፊዎች በአሰልጣኞች ላይ የሚቀርብላቸውን የጥቃት አቤቱታ ለፖሊስ ሳያሳውቁ በመዝገብ ቤት ያስቀምጡት ነበር። ለረጅም ዓመታት የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም በነበረው በላሪ ናሳር ላይም በ2015 ክረምት ጥቆማ ሲደርሳቸው፣ ለኤፍ ቢ አይ እስኪያመለክቱ ድረስ አምስት ሳምንት ያህል አልፏል። የብሔራዊ ቡድኑ ልጆች የሚሠለጥኑት ወላጅ በማይገባበት በቴክሳሱ የካሮሊ የማሠልጠኛ ማዕከል ነበር፤ ቡድን ውስጥ መግባትም ሆነ መቅረት በእነዚሁ ሰዎች እጅ ስለነበረ፣ የደረሰባትን ለመናገር የምትደፍር ልጅ የኦሊምፒክ ሕልሟን አስይዛ ነበር የምትናገረው። በጥር 2018 የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗ ሲሞን ባይልስ ጥቃት ከደረሰባቸው አንዷ መሆኗን ገልጻ ወደዚያ ቦታ መመለስ እንደሚከብዳት በጻፈች በሦስተኛው ቀን ፌዴሬሽኑ ከማዕከሉ ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። በዚያው ወር ከ150 በላይ ሴቶች በችሎት ቃላቸውን ካሰሙ በኋላ ናሳር ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ፌዴሬሽኑ በዓመቱ መጨረሻ ለፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻ አስገባ፤ በ2021 ከተጠቂዎቹ ጋር የ380 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረሰ።

ዛሬ የፆታዊ ጥቃት አቤቱታን የሚመረምረው ፌዴሬሽኑ ራሱ ሳይሆን በ2017 ሥራ የጀመረው «ሴፍስፖርት» የተባለው ማዕከል ነው፤ ይህን ለውጥ ከሁሉ አስበልጬ እመለከተዋለሁ። በደንቡ መሠረት አሰልጣኝ ከልጅ ጋር ለብቻው ሲሆን ሌላ ሰው ሊያየውና ሊያቋርጠው በሚችል ስፍራ መሆን አለበት፤ በስልክ መልእክት ሲጽፍላትም ወላጅ አብሮ ሊደርሰው ይገባል። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት፣ የታገዱ ሰዎች ስም ለሕዝብ በሚገለጽበት የፌዴሬሽኑ ዝርዝር ላይ የአሰልጣኞቹን ስም ይፈልጉ፤ ልምምዱን ተቀምጠው ማየት ይችሉ እንደሆነም ጂሙን ይጠይቁ። የሚከለክልዎ ከሆነ ሌላ ጂም ይፈልጉ።